የምስክር ልብ

የፈንታው ቅናት የጀመረው በጨው ነው።

ፈንታው ላሊበላ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና ካባ እየሰፋ የሚያድር፣ ዐርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ለገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሥራው ተደራርቦበት፣ የስፌት መኪናውን ፔዳል ከመርገጥ ብዛት እግሩ ጫማ እምቢ ብሎት ሰነበተ። በዚህ መሀል ሚስቱ ሰብሌ ያቀረበችለት ሽሮ ጨው አልነበረውም። በማግስቱም የለውም። በሦስተኛው ቀን ዝም ማለት አልቻለም።

«ጨው ተወደደ እንዴ?»

«ረስቼው ነው» አለች ፊቷን አዙራ።

ሴት ጨው የምትረሳው ልቧ ሌላ ጋ ሲሸፍት ነው ብሎ አሰበ። የት እንደሸፈተ ለማወቅም ብዙ አልደከመም። ምስክር ጋ ነው።

ምስክር ቱሪስት አስጎብኚ ነው። ሰብሌን ከፈንታው በፊት ለትዳር ጠይቋት፣ አባቷ «እግሩ ቤት አይውልም» ብለው ከልክለውታል። ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ፈንታውና ምስክር በአንድ መኪና አዲስ አበባ ሄደው፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ደረታቸውን ከፍተው የተበላሸውን የልባቸውን ቫልቭ ከከብት በተሠራ ቫልቭ ተክተውላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ «የቫልቭ ወንድማማቾች» ይላቸዋል። ፈንታው ይህን ዝምድና ጠልቶት አይሞትም።

ሐኪሞቹ ያን ጊዜ «ይኼ ዕድሜ አለው፤ ዐሥር ዓመት ቢያገለግል ነው» ብለው ነበር። የምስክር ቫልቭ ማለቁ ከሩቅ ያስታውቃል። አሸተን ማርያምን ከቱሪስቶቹ ቀድሞ ይወጣ የነበረው ሰውዬ አሁን በበቅሎ ነው የሚወጣት። የፈንታው ደህና ነው። በጥቅምት ለምርመራ ሄደው፣ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረችው ሰብሌ ራሷ «ደህና ነህ ብሎሃል» ብላዋለች።

ከጨው ቀጥሎ የመጣው ትራስ ነው። ሰብሌ አዲስ ትራስ ገዝታ በአሮጌው ላይ ደረበችለትና «ከፍ ብለህ ተኛ፤ እኔ አልጋ አላጣብብህም» ብላ መደብ ላይ ወረደች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልጠበበ አልጋ ዛሬ ጠበበ! ፈንታው በገነ።

ሰፈሩም ሳያውቅ አልቀረም። ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ሴቶቹ ከንፈር ይመጥጡለታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው አለ በልቡ፤ አገር የሚያውቀውን ሳያውቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሰብሌ «የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለብን» ብላ ወጣች። ፈንታው ተከተላት። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ። ቅናት እንዲህ ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

ስብሰባ የሚባል የለም። ሰብሌ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ተቀምጣ በስልክ እየተነጋገረች ነው፤ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ የስልኩን ድምፅ ጮክ አድርጋዋለች። ምስክር ራቅ ብሎ በቅሎውን ያስራል። ፈንታው ከአጥሩ ኋላ ተጠጋ።

«ሁለት መንገድ አለ» ይላል ሐኪሙ። «አንደኛው ደረቱን እንደገና ከፍቶ አሮጌውን ቫልቭ አውጥቶ መተካት ነው። ብዙ ዘመን የተፈተነ ነው። ግን ልቡ ደክሟል፣ የድሮው ጠባሳም ተጣብቋል፤ ከጠረጴዛው ላይነሳ ይችላል። ሁለተኛው በታፋው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አዲሱን በአሮጌው ውስጥ መዘርጋት ነው። በሳምንቱ ቤቱ ይገባል። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ግን ገና በደንብ አናውቅም። የሚመጡት ሐኪሞች ደግሞ የያዙት አንድ ብቻ ነው።»

«ከፍታችሁ ከምትገድሉብኝ በቱቦው ይሁን!» ሰብሌ አለቀሰች።

«ተመካከሩ። ነገ ነርሷ ትደውላለች፤ የመጨረሻውን ቃል ለእሷ ስጡ።»

ስልኩ ሲዘጋ ምስክር መጣና ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «አይዞሽ ሰብልዬ። እሱ ብቻ እንዳይሰማ።»

እሱ ማን እንደሆነ ለፈንታው አልጠፋውም፤ ባልየው ነው። ምስክርም ቢሆን ርቆ ስለነበር የራሱን ጉድ አልሰማም፤ ሐኪሙም ለእሷ የነገራት በዚህ አገር ለታመመ ሰው ሕመሙን መንገር ገደል መክተት ስለሆነ ነው፤ የፈንታውም አባት ሳይነገራቸው ነው የሞቱት። ሚስቱ ለሌላ ሰው ልብ አለቀሰች። «ከምትገድሉብኝ» አለች፣ የእሷ እንደሆነ ሁሉ! ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለው።

በማግስቱ ሰብሌ ስልኳን እሱ ሱቅ ቻርጅ ላይ ሰካች። «እትዬ አገሬ ቤት ደርሼ መጣሁ። ከተደወለ እንዳታነሳው፤ ጥራኝ» ብላ ወደ ጎረቤት ተሻገረች።

ወዲያው ተደወለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ፈንታው አነሳው።

«ሰብሌ ነሽ?»

«የለችም። የቤት ሰው ነኝ።»

«ስለ በሽተኛችሁ ነበር። ወሰናችሁ?»

«ወስነናል።»

«በቱቦው ነው፣ አይደል?»

ሊል ያሰበው ነገር ነፍስ ማጥፋት መሆኑን ፈንታው አላጣውም። አንድ ጊዜ ወደ እትዬ አገሬ ቤት አየ። ሰብሌን ሊጠራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ያ ልቅሶዋ ትዝ አለው።

«አይደለም። ደረቱ ይከፈት።»

«ሐኪሙ ግን አስጠንቅቋል እኮ። ደግሞ ቱቦውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ፤ አንዴ ከተላለፈ አይመለስም። እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ እመቤቴ። ለዚያኛው ስጡት፤ እግዜር ይማረው።»

ነርሷ ስትጽፍ ተሰማው። ፈንታው ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው።

«መዝግቤያለሁ» አለች። «የአቶ ፈንታው ደረት ይከፈታል፤ ቱቦው ለአቶ ምስክር ተላልፏል።»