ሁለት ጣት የጠበበው ልብስ

የሚላኑ ቴአትር መጋረጃ ሊከፈት ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ኤርሲሊያ የባሌት ተወዛዋዧን የኖሪናን ልብስ ከጀርባዋ በማሰሪያው ብታጠብቀውም፣ ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አልገናኝ አለ። ባለፈው ወር ልክክ ብሎላት ነበር።

“ሳቢው እትዬ፣ እችለዋለሁ” አለች ኖሪና።

ኤርሲሊያ ደግማ ሳበች። ወዲያው ልጅቷ ሆዷን በሁለት እጇ ስትከልል በመስተዋቱ አየቻትና ነገሩ ገባት። ማሰሪያውን ለቀቀችው።

በሩ ተበረገደና የባሌቱ አለቃ ገባ። “ምንድን ነው የሚያቆያችሁ? ወፍራ ከሆነ አሁኑኑ በሌላ እተካታለሁ።”



“እኔ ነኝ አጥብቤ የሰፋሁት፣ ጌታዬ” አለች ኤርሲሊያ፣ ስፌቱን በመቀስ እየተረተረች። “ዓይኔ ደክሟል።”

“እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ። አሁን ፍጠኚ” ብሎ ወጣ።

ኤርሲሊያ ክር በአንድ ሙከራ በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችና መስፋት ጀመረች።