አልወጣ ያለው ኢሜይል

በዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ማለት የጎረቤት ዕቃ ነው፤ ያዩታል እንጂ እንዳሻቸው አይነኩትም። ፍላሽ መሰካት ክልክል፣ የስክሪኑን ሥዕል መቀየር ክልክል፣ አጠገቡ ሻይ መጠጣት ክልክል፣ ሁለት ዘመዳሞች አንድ ላይ መቀጠር ክልክል። ሁሉም ሲቀጠር ደንቡን አንብቦ ይፈርማል፤ ማንበብ የሚሰለቸውም ዝም ብሎ ይፈርማል።

ከውስጡ አንዲት ቁጥር ለመቀየር እንኳ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ያንን የሚያውቀው የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው «ቁልፍ ያዡ» ያሉት። ቁመቱ የተመዘዘ፣ ሸጋ ልጅ ነው፤ አፉ ግን እንደ ኮምፒውተሮቹ የተቆለፈ።

ጉዱ የጀመረው ሰኞ ነው። አዲሷ ጸሐፊ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ገባች። ጠረጴዛዋ በጽዳት ሠራተኛዋ በእትዬ እጅ ተወልውሎ ያበራል። ደብዳቤ ልላክ ብትል ኢሜይሉ አልወጣ አላት። የሚመጣው ይመጣል፤ የሚሄደው ደጅ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ቁልፍ ያዡ ከላይኛው ፎቅ ተጠርቶ ወረደ። ማስተካከያውን ከፍቶ ጎንበስ አለ።

«ፖርቱ ነው።»

«ምኑ?»

«መልእክቱ የሚወጣበት በር ቁጥር። አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት መሆን ሲገባው ሰማንያ ስምንት ሆኗል።»

«እኔ አልነካሁትም!»

«ብትፈልጊም አትነኪውም» አለና አስተካክሎላት ጆሮው እንደቀላ ወጣ።

ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው።

ይሄን ጊዜ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ምላስ ተፈታ። «ራሷ ናት የምታበላሸው» አለች ኮሪደሩ ላይ። «ምን አለባት! አንድ ቁጥር ነካ ስታደርግ ሸጋ ጎረምሳ ከፎቅ ይወርድላታል። እንዲህ ከሆነማ የኔም ይበላሽ!»

«ተቆልፏል ትሉ የለ?» አሉ እትዬ መወልወያቸውን እየጨመቁ።

«የይለፍ ቃሉን ሰርቃዋለቻ! እርስዎ ደግሞ ምኑን ያውቁታል፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው፤ እኔ የማውቀው አቧራ ነው። ግን ልጄ፣ የሰው ልጅ ስም አታጥፊ፤ ጨዋ ናት።»

እትዬ ሁሉንም «ልጄ» ነው የሚሉት፤ ጸሐፊዋንም፣ ቁልፍ ያዡንም፣ ራሰ በራውን ሥራ አስኪያጅም ሳይቀር።

ሐሙስ ለአራተኛ ጊዜ ሲበላሽ ወሬው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። ጸሐፊዋን አስጠሯት።

«የሙከራ ጊዜሽ ነገ ያልቃል። ይሄን ነገር ማን እንደሚሠራው እስከ ነገ ካልታወቀ የቋሚነት ደብዳቤሽን አልፈርምም።»

ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ተንሰቀሰቀች። ከዚህ ከወጣች ወደ ታላቅ እህቷ ሶፋ መመለሷ ነው፤ የእህቷ ባል ደግሞ እሷን ሲያይ ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ይጠቁራል። እትዬ ሶፍት አቀበሏት። «አይዞሽ ልጄ፣ አያባርሩሽም» አሉ። የራሳቸው ፊት ግን አመድ መስሏል።

ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ያዡ ወደ ኮምፒውተሩ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘገብበትን ዝርዝር ከፈተ። በአራቱም ቀን ማስተካከያው የተከፈተው በአንድ ሰው ስም ነው፤ በራሱ። ሰዓቱም ያው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሠራተኛ ሳይገባ። ረጅም ጊዜ አፈጠጠበት። ከዚያ ዘግቶት ግንባሩን ጠረገ።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰበሰቡ።

«እህስ? ማነው?»

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። በሩ ጋ የቆሙት እትዬ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁልፍ ያዡ ግን ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንተ የሆንከው?»

«ቁጥሩን የምቀይረው። እሷ የለችበትም። እኔ...» ጆሮው በርበሬ መሰለ። «ሰላም የምልበት ምክንያት አጥቼ ነው።»

መጀመሪያ «እሰይ!» ብላ ያጨበጨበችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። «ብያችሁ ነበር እኮ፣ ልጅቷ ምንም የለችበትም!»

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸውን በሳል አሳበቡ። ለእሱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉለት፤ ለእሷ ደብዳቤዋን ፈረሙላት።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«አንተ ጅል! ሰላም ለማለት እኮ አፍ ይበቃል። ነርቬን ጨረስከው!»

«ይቅርታ።»

«በይቅርታ አታመልጥም። ቅዳሜ ምሳ ትጋብዘኛለህ።»

ከሥራ ሲወጡ ቁልፍ ያዡ ከቢሮው ደጅ ያለውን ፌርማታ አልፎ፣ የቢሮ ሰው የማይደርስበት ሦስተኛው ፌርማታ ድረስ በእግሩ ሄደ። እትዬ እዚያ ቆመው ይጠብቃሉ። ዘንቢላቸውን ተቀበላቸውና ግራ ቀኙን ቃኘ።

«እማዬ፣ ሁለተኛ እንዳትሞክሪው፤ የቢሮውን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ፣ የቤታችን ዋይፋይ ግን በድሮው ይከፈትልሻል።»