አፍ ያወጣው የሽመና ክፍል

ድሮ «ግድግዳ ጆሮ አለው» ይባል ነበር። አፍም ካወጣ ወዲህ ግን የፋብሪካ ሰፈር ባልና ሚስት የሚማከሩት ሜዳ ወጥተው ሆኗል። ቤት ውስጥ ያወሩትን ግድግዳው ለዳበሰው ሁሉ ይደግመዋላ!

አስጎብኚዋ ቤዛዊት እንግዶቿን ይዛ የድሮው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ገባች። የክፍሉ ሠራተኛ የነበሩት እማማ ውድነሽም አብረዋት አሉ።

«እማማና ጋሽ ተካበ በጉብዝናቸው ወራት እዚህ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ምን ምን እንደተባባሉ አሁን እንሰማለን!» ብላ እማማን በዓይኗ ጠቀሰቻቸውና ግድግዳውን ዳበሰች። ከእንግዶቹ ጋር የመጡት የእማማ ልጆች ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቆሙ።

ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ! ከማሽን ጩኸት በቀር ምንም የለም። ሌላውን ጥግ ዳበሰች፤ እዚያም ያው ገጭ ገጭ።

እማማ ውድነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን በአፉ ያወራል? የሽመና ክፍል ሰው የሚያወራው በእጁ ነበር። ወዲያው በሩ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደቆሙት ጋሽ ተካበ ዞሩና ጣቶቻቸውን አወዛወዙ። ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ተሽኮረመሙ።

«እማማ፣ ምን አሏቸው?» አለች ቤዛዊት፣ አላስችል ብሏት።

«ግድግዳውን ጠይቂዋ!»