ገፊዋ ጀልባ

ባሏን ሐይቁ ከወሰደው ዓመት ሆነው። ማዕበል መሃል የጀልባዋ ሞተር ጠፍቶበት ነው። ጀልባዋን ግን ውሃው መልሶ ዳር ተፋት፤ ሴትዮዋም ግቢዋ አስገባቻት። ሞተሩን ጋራዥ ሳትወስድ በገዛ እጇ ፈታትታ፣ ፒስተኑን ሳይቀር ቀይራ እንደ አዲስ ገጠመችው። የቀራት ተሸክሞ ጀልባዋ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የአራት ወንድ ጉልበት ይጠይቃል።

ጎረቤቱ ሁሉ እምቢ አላት።

"ጀልባዋ ገፊ ናት፣ ሰው በልታለች፤ እጄን አላስነካትም" አሉ ጋሽ ደምለው።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ ቆማ "ኡኡ! የሰው ያለህ!" ብላ ጮኸች።

ሰፈሩ ዱላውን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጋሽ ደምለው ከፊት ናቸው።

"ምንድን ነው? ሌባ ነው?"

"ሌባ የለም። ሞተሩን አንሱልኝ።"

"አብደሻል እንዴ? ለዚህ ነው ኡኡ የምትዪው?"

"አምናም ኡኡ ብዬ ነበር፣ ጋሼ። አንድም ሰው አልቀረም፤ ሁላችሁም ደረሳችሁልኝ፣ ውሃው ጫፍ ድረስ። እሱ እጁን እያወዛወዘ ሲጣራ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያሻግረን ሌላ ጀልባ አልነበረንም። ነገ ሌላ ሰው ሲጣራ ግን ይህቺ ትኖረናለች።"

ጋሽ ደምለው ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"በየት በኩል ነው የሚያዘው?"