ቀዳዳ ጫማ

በካናዳ፣ በኦታዋው ችሎት ዳኛዋ «መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ልጆች የሚመድበው በጀት ለሌሎች ልጆች ከሚመድበው ያነሰ ነው፤ ይህ አድልዎ ነው» ብላ ስታነብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከታዳሚው መካከል የተቀመጠች አንዲት የነባር ሕዝቦች እናት ግን የልጇን ጫማ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበርና አላጨበጨበችም።

«አንቺ፣ ረታን እኮ! ምነው ዝም?» አለቻት እህቷ በክርኗ ጎሰም አድርጋ።

ጫማውን ከአጋዘን ቆዳ የሰፋችው ራሷ ነበረች። እንደ ወገኖቿ ልማድ ሶሉ ላይ ቀዳዳ ትታለት ነበር፤ የሞቱ ዘመዶቹ ና ቢሉት «ጫማዬ ቀዳዳ ነው፤ ሩቅ መንገድ አልችልም» እንዲላቸው። ልጇን የወሰዱት ግን ሙታን አልነበሩም። እሷ ስትታመም፣ መንደሯ ውስጥ የሚያግዛት ሠራተኛ ለመቅጠር በጀት ጠፋና ልጁ ከተማ ላሉ ባዕዳን ተሰጠ። ጫማው ሲጠበው የምታሳድገው ሴት በፖስታ ላከችላት፤ የደረሳትም ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ነበር።

ጣቷን ወደ ቀዳዳው ሰደደች፤ አላልፍ አለ። ሴትየዋ፣ ምስኪን፣ በወፍራም ክር ጥንቅቅ አድርጋ ጠግናዋለች።

«ውይ! ደፈኑት?» አለች እህቷ። «በይ ፍቺው!»

ክሩን ልትበጥስ ጫማውን ወደ ጥርሷ አስጠጋችና ቆም አለች።

«ተይው» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ወደ ቤት የሚመጣበትም መንገድ ሩቅ ነው።»