በ«ሽን» የሚያልቁ ቃላት

በቀበሌው አዳራሽ የተቀመጠውን ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር የሚሰማው ንግግር አስመረረው። መድረኩ ላይ የቆመው ኃላፊ አፉን በከፈተ ቁጥር «ሽን» ይላል።

«ይህ ኮንሰልቴሽን ያለ እናንተ ፓርቲሲፔሽን ኢምፕሊመንቴሽን የለውም።»

ሰፈርተኛው አጨበጨበ።

«መምህር፣ ምን አለ አሁን?» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት እትዬ ዘነቡ።

«ምክክር፣ ተሳትፎ፣ አፈጻጸም። አማርኛ የሌለው ይመስል።»

ይህን ሰውዬ መተርጎም፣ ሌላው አላምጦ የተፋውን እንደ መልቀም ቀፈፈው።

ኃላፊው አንድ ወረቀት አነሳ። «እንግዲህ በኤክስፕሮፕሪዬሽኑ የተስማማችሁ ፈርሙ።»

እትዬ ዘነቡ ዞር ብለው መምህሩን አዩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምር ይህ ቃል ገጥሞት አያውቅም። አላውቀውም ማለት ግን፣ ያውም በዚህ ሰውዬ ፊት፣ ሞት መሰለው። ቃሉ ውስጥ «አፕሮፕሪዬት» የሚለውን አገኘ። አፕሮፕሪዬት ደግሞ ተገቢ ማለት ነው።

«ለሰው የሚገባውን መስጠት ማለት ነው» አለ።

እትዬ ዘነቡ ተነስተው ፈረሙ። ከኋላ የነበሩትም መምህሩን ሰምተው ነበርና ተከተሏቸው።

ቤቱ እንደገባ መዝገበ ቃላቱን አወረደ። ኃላፊው ቃሉን ያለ ቦታው መሰንቀሩን አረጋግጦ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊያሳፍረው አስቧል። ገጹን አገላብጦ ቃሉን አገኘው፦

«መውረስ፤ የግለሰብን ቤትና መሬት ለመንግሥት ማድረግ።»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነቡ ትኩስ ዳቦ በሰሃን ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር፣ መምህር?»