የታደሰው አሳላፊ

አቶ ጥበቡ ጥንት እንግሊዞች የሠሩት፣ በኋላ ጠጅ ቤት የሆነው ቤት ሲገቡ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ የተቀረጸው እንጨት፣ ባለቀለሙ መስታወት፣ የነሐሱ ፋኖስ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ግን አምና የቀበሩት ታላቅ ወንድማቸው ወንድይራድ ነበር። በዚህ ዘመን አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው፣ ቤተሰብ ከፈቀደለት፣ የሞተውን አሳላፊም በማሽን ቅጂ አብሮ ያድሳል።

«ለሙከራ ነው» አለች የጠጅ ቤቱ ባለቤት ሶስና። «እርስዎ እሺ ካሉ ጋሼ ወንድይራድ ይኖራሉ፤ እምቢ ካሉ ዛሬውኑ ይጠፋሉ።»

«ጥቤ! አንተ ጠፊ!» አለ ቅጂው።

ድምፁ የጋሼ ነው። የአቶ ጥበቡ ሆድ ባባ፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቃቸውም።

ቅጂው ጠጅ ቀዳ፤ እንደ አሳላፊ ወግም መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ።

አቶ ጥበቡ አማተቡ። «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ገና ስድስት ሰዓት! ጋሼ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም ነበር። ቅምሻውን አጠገቡ ላለው ጠጪ ነበር የሚያቀምሰው።»

«ይኼማ ቀላል ነው!» አለች ሶስና ደስ ብሏት። «አሁኑኑ እናስጾማቸዋለን።»

«እጾማለሁ ጥቤ፤ ምን ቸገረኝ!» አለ ቅጂው እየሳቀ።

አቶ ጥበቡ ያንን ሳቅ እስኪያበቃ አዳመጡት።

«ሳይርበው ምኑን ይጾማል ልጄ?» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «አጥፊው።»

ሲጠፋ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።